ማይል ይነቅዛል
(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ፣ ጫጫ ላይ ከምሳ በኋላ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራህ አንድ ጠቃሚ ነገር አውራልን» ሲሉኝ ትንሽ ተሸማቀቅሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት አንዷ ሐኪም፣ አንዱ የአፈር ተመራማሪ ናቸው። እኔ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አዲስ አበባ የጉዞ ወኪል ቤት ተቀምጬ ትኬት የምቆርጥ ሰው ነኝ። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣችሁ ብዙ ናችሁ፣ መምህራኑም ለስብሰባና ለትምህርት ትወጣላችሁ። ስለዚህ ሁላችሁም ኪስ ውስጥ ስላለ፣ ግን ብዙዎቻችሁ ስለማታዩት ንብረት ላውራ ብዬ መጣሁ። ስለ ማይል።

ደግሞም ስብሰባው ዘንድሮ ከደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ያህል መለስ ብሎ ጫጫ ላይ መሆኑ ለእኔ የተለየ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ከዚህ አዳራሽ እስከ እናቴ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የእናቴን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ማይል ምንድን ነው? ርቀት ነው የሚለው ስሙ ነው፤ ነገሩ ግን አየር መንገዱ ራሱ ያተመው ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት የበረራ ዋጋ መወሰኑን በ1978 እ.ኤ.አ. ሲተው አየር መንገዶቹ ደንበኛ መሻማት ጀመሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ኤርላይንስ «ከእኔ ጋር የበረርከውን ማይል እቆጥርልሃለሁ፣ ሲጠራቀም ነፃ ትኬት እሰጥሃለሁ» የሚል ፕሮግራም አወጣ፤ ዩናይትድ ወዲያው ተከተለው፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ። የእኛው አየር መንገድ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው፣ የራሱን ፕሮግራም በንግሥተ ሳባ ስም ሼባ ማይልስ ብሎታል። ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ስታር አሊያንስ የሚባለው ማኅበር ውስጥ ገባ። ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ሉፍታንዛም ዩናይትድም የቱርክም የግብጽም የካናዳም አየር መንገድ እዚያው ማኅበር ውስጥ ናቸው። በአንዱ በርራችሁ በሌላው ደብተር ማስመዝገብ፣ በአንዱ ማይል የሌላውን ወንበር መውሰድ ትችላላችሁ ማለት ነው። ኳታርና ኤሚሬትስ እዚህ ውስጥ የሉም። ከዶሃ ስትመለሱ «ሼባዬ ላይ አስገባልኝ» እያላችሁ የምታስቸግሩኝ ሰዎች ይህን ስሙልኝ።

አየር መንገዱ ያተመው ገንዘብ ነው ስል ግን አንድ ነገር አትርሱ። ብሔራዊ ባንክ የለውም። ያተመው ሰው ሲፈልግ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ሲፈልግ ጊዜ ይገድብበታል። ዴልታ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ «ይህን ያህል ማይል ለአፍሪካ፣ ይህን ያህል ለአውሮፓ» የሚል ሰንጠረዥ ነበረው፤ በዚያ ዓመት አነሳው። ዩናይትድ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ዛሬ በብዙዎቹ ዘንድ የማይሉ ዋጋ እንደ ዶሮ ገበያ ነው፣ በበዓል ዋዜማ ይሰቀላል።

እሺ። አካውንታንት ነኝና ሒሳቡን ልምጣበት። ቦርድ ቢኖረኝ እጽፈው ነበር፣ ግን ቀላል ነው። በማይል ልትወስዱት ያሰባችሁትን ነገር በገንዘብ ብትገዙት ስንት ነው? ከዚያ ላይ በማይል ብትወስዱትም የማይቀርላችሁን ታክስና ክፍያ ቀንሱ። የቀረውን ለማይሉ ብዛት አካፍሉ። አለቀ።

ለምሳሌ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,300 ዶላር ነው እንበል። በማይል ሲሆን 60,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ነው እንበል። 1,200 ለ60,000 ሲካፈል አንዱ ማይል ሁለት ሳንቲም አወጣ ማለት ነው፣ የአሜሪካን ሳንቲም። ያው ትኬት ሰው በማይሄድበት ወር በ800 ዶላር ቢገኝስ? 700 ለ60,000፣ አንድ ሳንቲም ከምናምን። ያን ጊዜ ገንዘባችሁን ክፈሉ፣ ማይሉን ተዉት፤ በገንዘብ በመብረራችሁ ሌላ ማይል ታገኛላችሁ። አንድ የምታውቁት ሰው ደግሞ ማይሉን በሰዓት ለወጠው እንበል። 250 ዶላር የሚያወጣ ሰዓት በ50,000 ማይል። ግማሽ ሳንቲም! ሰዓቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን ያ ሰውዬ ወደ አገር ቤት ከሚያደርሰው ትኬት አብዛኛውን እጁ ላይ አስሮ ነው የሚዞረው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከአንድ ሳንቲም በታች ከሆነ አትንኩት። አንድ ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሰዱት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን አታቅማሙ። ቢዝነስ ክላስ ላይ ሒሳቡ ሦስትና አራት ሳንቲም ሲያወጣ ታያላችሁ፤ ግን እዚያ ላይ ራሳችሁን አትሸንግሉ። 4,000 ዶላር ከፍላችሁ የማትገዙት ወንበር ለእናንተ 4,000 ዶላር አያወጣም። ጉልበቱ የሚያመው ሽማግሌ አባት ጋደም ብሎ እንዲሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም በደስታ ነው የምቆርጠው።

ታክሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም ማይላችሁን ተቀብሎ ሲያበቃ «የነዳጅ ጭማሪ» ብሎ ብዙ መቶ ዶላር ይጨምርባችኋል። የሉፍታንዛው ማይልስ ኤንድ ሞር በዚህ የታወቀ ነው። ዩናይትድ ይህን አይጨምርም። የኤር ካናዳውም ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ትቶታል። (የካናዳው ፕሮግራም ስሙ ኤሮፕላን ነው። አንድ ደንበኛዬ «ኤሮፕላን አለኝ» ብሎኝ ለአፍታ ደንግጬ ነበር።) እንግዲህ ልብ በሉ። ወንበሩ ያው የእኛው ወንበር ነው፣ አስተናጋጆቹ ያው ናቸው፣ ቡናውም ያው ነው። በየትኛው ደብተር እንደከፈላችሁ ብቻ ነው የሚለየው። ከላይ ባልኩት 1,300 ዶላር ትኬት ላይ 100 ዶላሩ 500 ቢሆን፣ የሁለት ሳንቲሙ ማይል ወደ አንድ ከሲሶ ይወርዳል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሳትበሩም ማይል ታጠራቅማላችሁ፣ በባንክ ካርድ። የቼዝ ነጥብ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይዛወራል፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ ኤሮፕላን። እዚህ ላይ የምለው አንድ ነው። ወንበሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ነጥቡን አታዛውሩ። አንዴ ከተዛወረ አይመለስም። ባንክ ውስጥ ሳለ ብዙ በር አለው፤ ከወጣ አንድ በር ብቻ።

ወንበር ማግኘቱ ራሱ ትልቁ ሥራ ነው። አየር መንገዱ ለማይል የሚለቀው ወንበር ጥቂት ነው፣ ከሁሉም አውሮፕላን ላይ አይለቅም። የእኛ ሰው ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን መምጣት ነው የሚፈልገው፦ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ለሐምሌ። አየር መንገዶች ወንበር መሸጥ የሚጀምሩት አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀድመው ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ገና የምትፈልጉት የዘንድሮው ጥምቀት ቄጤማ ሳይደርቅ፣ የካቲት መግቢያ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ደውሎ «ለገና በማይል» የሚለኝ ሰው አለ፤ እስቃለሁ፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ በገንዘብ ይገዛል። ያ ካለፈ ሁለተኛው ዕድል መነሻው ሲቃረብ ነው፤ ያልተሸጠ ወንበር አንዳንዴ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለማይል ይለቀቃል። ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ኒውዋርክ አለ፣ ቺካጎ አለ፣ ቶሮንቶ አለ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አትላንታም አለ። ቀጥታው ከሌለ በፍራንክፈርት፣ በኢስታንቡል፣ በካይሮ ዞሮ ቦሌ የሚያርፍ በዚያው ማይል ይገኛል። እዚያ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይገድልም። ደግሞስ ቀጥታ የሚባለው ምን ያህል ቀጥታ ነው? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ለምሳሌ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው።

አገር ቤት ላለን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን አብዛኛው ሰው አላሰበውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ሄደ። ከላይ ያልኩት የ1,200 ዶላር ወንበር በ57 ብር ሲመነዘር 68,400 ብር ነበር። በ120 ብር 144,000 ነው። የመምህሩ ደመወዝ ያን ጊዜ እዚያው ነበር፣ ማይሉ ግን በብር አይደለም የተቆጠረው። 60,000 ማይል የነበረው መምህር ያን ሐምሌ ባንክ ካስቀመጠው ብር ይልቅ ማይሉ ጠቅሞታል። እና ምን ያደርጋሉ መምህራኖቻችን? ቦርዲንግ ፓሳቸውን መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዕልባት ያስገቡታል! አንድ የቀድሞ መምህሬ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እዚህ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፣ ስድስት ዓመት ለጥናት ጀርመን ሲመላለሱ አንድም ጊዜ አባል አልሆኑም ነበር። ሁሉንም በአንድ የስታር አሊያንስ ደብተር ቢያስገቡት ኖሮ ልጃቸውን ሊጠይቁበት የሚችሉበት ትኬት ነበር። ያለፈ በረራ ጊዜው ካልረዘመ በጥያቄ ይገባል፤ ቦርዲንግ ፓሱና የትኬት ቁጥሩ ግን መኖር አለበት። ስለዚህ ዕልባቱን ቢያንስ ስድስት ወር አቆዩልኝ።

«ትኬቱን የገዛው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ማይሉ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አየር መንገዱ የሚያውቀው የበረረውን ሰው ብቻ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሌላ ደንብ ካለው ደንቡን አክብሩ። ከዚያ በላይ እኔ ዳኛ አይደለሁም።

ስም! ስምን ልረሳው ነበር። የእኛ ማይል የሚጠፋበት ትልቁ ቀዳዳ ስም ነው። ፓስፖርት ላይ ኃይለ ሚካኤል ተያይዞ ተጽፏል፣ ደብተሩ ላይ ተለያይቶ። አንዱ ጋ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ጋ የለም። አንዱ ጋ በአንድ ኤል፣ ሌላው ጋ በሁለት። ኮምፒውተሩ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ይልና ማይሉ አየር ላይ ይቀራል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የአገር ውስጥ በረራ ላይ ማይል ማጥፋትንም ቶሎ ልለፈው። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ሰው የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ ሲያገኝ ኖሯል። ያንን ዋጋ ሳትጠይቁ ለላሊበላ ወይም ለጎንደር ማይል አትክፈሉ። ለደብረ ብርሃን እንኳን ጭንቀት የለም። አውሮፕላን ማረፊያ የለንም፣ ሚኒባሱ ደግሞ ማይል አይቀበልም።

አሁን ርእሴ ላይ ልድረስ። ማይል ይነቅዛል ያልኩት ለምንድን ነው?

ልጅ ሆነን ቤታችን አንድ ጎተራ ነበር። እናቴ የአምናው ገብስ ሳያልቅ የዘንድሮውን አትከፍትም ነበር። ለቆሎም ለበሶም ለጠላም ቢሆን መጀመሪያ አሮጌው። እኔ ደግሞ አዲሱን ቆሎ ነበር የምፈልገው፣ «ያ ይቀመጥ» እላት ነበር። «የሚቀመጠው የሚቆየው ነው፣ የሚያረጀው ይበላል» ትለኝ ነበር። ይህን ሰምቼ አድጌ፣ ተምሬ፣ ትኬት ቤት ገብቼ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ያለ ታላቅ ወንድም አለኝ። ለሥራው ምዕራብ አፍሪካ ይመላለስ ስለነበር ብዙ ይበር ነበር። በ2014 ዓ.ም. ገና፣ ዲያስፖራው ሁሉ ወደ አገር ቤት ግባ ተብሎ በተጠራበት ጊዜ፣ እሱም መጣ። እዚሁ ጫጫ እናታችን ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። 70,000 ማይል ገደማ። የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነ ዛሬ አልጠራም፣ ጥፋቱም የአየር መንገዱ አይደለም። «ምን ላድርገው?» አለኝ። «አንተ ነህ ባለሙያው።»

እኔም ባለሙያ ነኝ አይደል? «ጋሼ፣ አትንካው» አልኩት። «ይጠራቀም። መቶ ሺህ ሲሞላ እማማን በቢዝነስ ክላስ ትወስዳታለህ።» እናታችን ከዚያ ማዶ ሆና ሰምታ «እኔ በሰማይ ምን ልሠራ» ብላ ሳቀች። ወንድሜ ግን ደስ አለው። ማጠራቀም ሁልጊዜ ብልህነት ይመስላል፣ በተለይ ለእኛ ለደገኞች።

ወዲያው ሥራ ቀየረ። መብረር አቆመ። እኔም በየቀኑ የሰው ማይል ስቆጥር የእሱን አንድ ቀን «ጊዜው መቼ ያልቃል?» ብዬ አልጠየቅሁም። የዚያ ፕሮግራም ማይል ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር የሚቆየው። በአንድ ቀን አይደለም የሚሞተው። የየበረራው በየቀኑ ነው፣ እንደ ነቀዝ፣ ከታች ጀምሮ። ኢሜይል ይልኩለት ነበር፤ የማይነበብ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻው የሄደው በ2017 ነው።

መጋቢት 2017 እናታችን ታመመች። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን ሌሊት ደውዬ ለወንድሜ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ «ያ ያስቀመጥነው ማይል የት ነው የሚታየው?» አለኝ። «ያስቀመጥነው» ነው ያለው። እኔ በስልክ እየመራሁት ገባ። ዜሮ ነበር።

በዚያ ሳምንት የሚነሳ ትኬት 2,200 ዶላር ነበር። ወንድሜ ደግሞ በዚያ ወር ቤት ቀይሮ ኪሱ ባዶ ነው። ሒሳቡን ታስታውሳላችሁ? ያው 60,000 ማይል እዚያ ቀን ላይ ቢኖር አንዱ ማይል ሦስት ተኩል ሳንቲም ያወጣ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ካየሁት የኢኮኖሚ ትኬት የተሻለው ምንዛሪ። እኔ ከዚህ ብር እንዳልልክለት ወደ ውጭ ዶላር የሚላክበት መንገድ የለኝም፤ ትኬቱን እዚህ በብር ልቁረጥለት ብል ከ250,000 ብር በላይ ከየት ላምጣ? ከጓደኞቹ አሰባስቦ፣ እኔም እዚህ ከዕቁብ ተበድሬ፣ አምስተኛው ቀን ላይ ቆረጥንለት። ስምንተኛው ቀን ቦሌ አረፈ። እናታችን ያረፈችው በአምስተኛው ቀን ማታ ነው። በማግሥቱ ቀበርናት።

መርዶውን እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ጫጫ ሲደርስ። ከመንገድ ዳር ሰዉ ቆሞ ሲያይ ገባው። ሥልስቱ ላይ ነው የደረሰው።

ይህን የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም፤ በሙያዬ የተማርኩት ዋናው ነገር እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። እኔ ለእሱ የነገርኩት ስለ ትልቁ ትኬት ነበር፤ ስለ ቢዝነስ ክላስ። የማይል ከፍተኛው ዋጋ ግን እዚያ አይደለም። ከአገር ርቆ ለሚኖር ሰው ከፍተኛው ዋጋ ያለው ስልክ ሌሊት የሚደወልበት ቀን ላይ ነው፤ የገንዘብ ትኬት በሚሰቀልበት፣ ሰው ዋጋ መጠየቅ በሚያፍርበት ቀን። ስለዚህ ደንበኞቼን አሁን የምመክራቸው እንዲህ ነው። ወላጅ አገር ቤት ያለው ሰው አንድ ደርሶ መልስ የሚሆን ማይል በእጁ ይያዝ፣ የተረፈውን በዓመቱ ይጠቀምበት። ግን የሚይዘው የማይነቅዝ ደብተር ውስጥ ይሁን። የሉፍታንዛና የቱርክ ማይል በመደበኛው ሦስት ዓመት ነው፤ የሼባ ማይልስም የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን ደብተራችሁ ላይ እዩት። የዩናይትድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አያልቅም። የኤሮፕላን ለ18 ወር አንድም እንቅስቃሴ ካልታየበት ይሄዳል፤ በዚያ መካከል ጥቂት ነጥብ ብታስገቡበት ይቆያል። የባንክ ካርድ ነጥብ ደግሞ ካርዱ እስካልተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ይላል። የሚያልቀውን ለበዓል፣ የማያልቀውን ለክፉ ቀን። እናቴ ይህን በገብስ ታውቀው ነበር።

የታመመ ሰው ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዩናይትድ ማይል የተቆረጠ ትኬት ከመነሻው በፊት ከተሰረዘ ማይሉ ይመለሳል። ሌሎቹም የሚያስከፍሉት ብዙውን ጊዜ ከገንዘብ ትኬት ቅጣት ያነሰ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ሲል ወንበሩን ያዙ። ከዳነች ትሰርዛላችሁ፣ እልል ብላችሁ። ደግሞ በእናንተ ማይል ለማን መቁረጥ እንደሚቻል ቀድማችሁ አጣሩ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ካልሆነ አይቀበልም፣ ምዝገባውም ቀናት ይፈጃል። እህታችሁንና ወንድማችሁን ዛሬ አስመዝግቡ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። ሌሊት በእንባ የይለፍ ቃል አይታወስም።

ወንድሜ አልወቀሰኝም። ይህ ነው የከበደኝ። አርባዋን አውጥተን ሲሄድ ቦሌ ላይ «ካርዱን የትኛውን ላውጣ?» ብቻ ነው ያለኝ። አሁን በየወሩ የስልኩን ፎቶ ይልክልኛል፣ ቁጥሩንና ቀኑን። እኔም እንደ ተማሪ የቤት ሥራ አያለሁ። ለሙት ዓመቷ የሚመጣበትን ትኬት ባለፈው ጥቅምት ቆርጠናል። በቺካጎ በኩል ነው፣ ማይሉ ሁለት ሳንቲም ከሩብ አውጥቷል። መጋቢት ላይ እዚሁ ነው፣ በዚያን ሰሞን በዚህ የምታልፉ ካላችሁ ጠላ አለ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ አስተባባሪዋ እየጠቆመችኝ ነው። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው በአሥር ሰዓት ነው። እስከዚያ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቀኑን አብረን እናያለን።